አይጠጣም

ሰኞ ጠዋት ከሥልጠና ተመልሳ ተክሎቿ የሚያድጉበትን የመስታወት ቤት በር ስትከፍት አጎቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቋት አገኘች። ቤተሰቡ እሳቸውን «ጋሼ ቧንቧ» ነው የሚላቸው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። እሷን ደግሞ በዕፅዋት ላይ ስለምትመራመር «ቅጠል በጣሿ» ይሏታል፤ የዶክትሬት ተማሪ ናት ብሎ ማስረዳት ለቤተሰቡ ሳይረዝምበት አልቀረም። የመስታወት ቤቱ ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ ስለተኛ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ተክሎቹን ውሃ እንዲያጠጡላት አጎቷን ለምና ነበር የሄደችው።

«እንኳን ደህና መጣሽ! አንድም ቀን አላዛነፍኩም» አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

እውነታቸውን ነው፣ አላዛነፉም። ችግሩ ያጠጡት የተሳሳተውን መሆኑ ነው። በግራ በኩል ያሉት፣ ሆን ተብሎ እንዲደርቁ የተተዉት የዓለት ላይ ተክሎች፣ ለምልመው ሙሽራ መስለዋል። በቀኝ በኩል ያሉት፣ ከወንዝ ዳር ያመጣቻቸውና በየቀኑ መጠጣት የነበረባቸው አርባ ችግኞች ግን ቡናማ ሆነው ተጨማድደው ቀርተዋል። አንዱን ቅጠል በጣቷ ስትነካው ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ! ምን ነካዎት? ምልክት አድርጌ አልነበር?»

«አድርገሻል እንጂ። ይኸውልሽ!» የቀኙን ረድፍ ብቻ ከሚያጠጣው ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለውን ካርቶን አነሱ። «‹ይጠጣል› ይላል። የሰው መጠጥ ነው ማለት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ቅጠል ላይ አላፈስም ብዬ አልነካሁትም። የግራው ‹አይጠጣም› ይላል። ለሰው ካልሆነ ለተክል ይሁን ብዬ ከሱ የሚደርሰውን አጠጣሁ።»

እሷ ካርቶኖቹን የጻፈችው ስለ ተክሎቹ ነበር፤ እነዚህ ይጠጣሉ፣ እነዚያ አይጠጡም ለማለት። ፊደላችን ግን የቱ ድምፅ እንደሚጠብቅ አይነግርም። የመጀመሪያዋ «ጠ» ከላላች ተክሉ አይጠጣም፣ ከጠበቀች ውሃው አይጠጣም። ደግሞስ ካርቶኑን ቧንቧ ላይ አንጠልጥላ፣ የቧንቧ ሰው ምን ብሎ እንዲያነብላት ነበር የፈለገችው? ጥፋቱ የራሷ ስለሆነ ለመቆጣት እንኳ አልተመቻትም።

ሁለቱ ተክሎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የዓለቱ ተክል ድርቅ ብሎ፣ አበቃለት ከተባለ በኋላ፣ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። ብልሃቱ እንግዳ አይደለም። የስንዴ ፍሬም ከረጢት ውስጥ ደርቃ ትከርምና ውሃ ስታገኝ ትበቅላለች፤ የዓለቱ ተክል ድሮ ለዘር የተሠራውን ይህን ብልሃት ቅጠሉ ላይ አዋለው እንጂ ሌላ ነገር አልፈጠረም። የወንዝ ዳሩ ዘመዱ ግን ውሃ ሞልቶ ተርፎት ሲኖር ብልሃቱ ጠፍቶበታል። ይህን ያለችው እሷ ናት። የሦስት ዓመት ልፋቷ «ጠፍቷል» በምትል አንዲት ቃል ላይ ቆሟል። ጽሑፏን አንድ መጽሔት ተቀብሎታል፤ የቀረው እስከ ረቡዕ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ «ይታተም» ብላ መላክ ብቻ ነበር።

«ሞቱ እንዴ?» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ሞተዋል።»

«ትንሽ ውሃ ብናቀምሳቸውስ?»

«ስንቴ ሞክሬዋለሁ መሰለዎት! እነዚህ አንዴ ከደረቁ አይመለሱም።»

«ካልተመለሱ ምን ይጎዳሻል?» ብለው ጋሼ መልስ ሳይጠብቁ ቧንቧውን ከፈቱት።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ችግኝ ሥሩ አካባቢ አረንጓዴ ነገር አሳየ። ዓይኔ ነው ብላ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየችው። አረንጓዴ ነው። «ጠፍቷል» ያለችው ሐሰት ሊሆን ነው። «ምናለ አርፈህ ብትሞት!» አለችው ችግኙን ሳታስበው፣ ከዚያም አፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ ቅጠል ስታሳድግ የኖረች ሰው፣ በቅጠል ላይ ሞት ስትመኝ ራሷን አገኘች።

ረቡዕ ጠዋት ከአርባዎቹ ሠላሳ አንዱ ቅጠላቸውን ዘርግተዋል። የቆየ መዝገቧን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከእነዚህ በፊት የነበሩትን ለሙከራ ስታደርቅ ማራገቢያ ከፍታባቸው ነበር፤ ሥራው እንዲፈጥንላት። በሁለት ቀን ደርቀው ያልቃሉ፣ ውሃ ስታጠጣቸው አይነሡም፣ «ሞቷል» ብላ ትመዘግባለች። የአሁኖቹ ግን ያለ ማራገቢያ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀስ እያሉ ነው የደረቁት። ታዲያ ቅጠሉ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምን ሲያደርግ ነበር? ስንት ቀን ይበቃዋል? አምስት? ስምንት? ከማክሰኞ ጀምሮ ይዟት የነበረው ፍርሃት ሳታውቀው ለቅቋት፣ ጥያቄው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰዓቷን ስታይ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ለአማካሪዋ ለፕሮፌሰሯ ደወለች።

«ፕሮፌሰር፣ ጽሑፉ ልክ አይደለም። የወንዝ ዳሮቹ ተነሡ።»

ከስልኩ ወዲያ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«በስንት ቀን ነው የደረቁት?» ብለው ጠየቁ ፕሮፌሰሯ።

«በአሥራ ሁለት።»

«አንቺ ስታደርቂያቸውስ?»

«በሁለት።»

«ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «‹በሁለት ቀን› የምትለዋን ሦስት ጊዜም አልፌያታለሁ። አስቁሚው።»

ለመጽሔቱ ሁለት መስመር ጻፈችና ላከች። ሦስት ዓመቷ በሁለት መስመር ሄደ። ስልኩን አስቀምጣ እዚያው ወለሉ ላይ አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጋሼ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው።

«በኔ የተነሣ ነው አይደል? ይቅር በይኝ ልጄ።»

«እርስዎ ምን አደረጉ? እኔ ነኝ እንጂ። አንድ ቀን እንኳ ሳልጨምርላቸው አይችሉም ብዬ ጻፍኩባቸው።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ከችግኞቹ አንዱን ትክ ብለው አዩት።

«እና ስንት ቀን ቢሰጣቸው ነው የሚችሉት?»

«እንጃ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ፣ እሱን እኮ እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም።»