ፀጉር የማይበላ ሌንስ

«አሁን ደግሞ ጆሮዋንም በላው» አለች ባለካሜራዋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳጎነበሰች።

ባሏ ለቀረጻ ከኋላ የተሰቀለውን አረንጓዴ መጋረጃ በኮምፒውተሩ ከምስሉ አጥፍቶ በምትኩ ደን አስገብቷል። ደኑ አምሯል። ከፊቱ የተቀመጠችው ተረት ነጋሪ ግን አይጥ የቀመሳት መስላለች። ያ ክብ ብሎ የሚቆመው ለምለም ፀጉሯ ዳር ዳሩ ተቦጫጭቋል፤ የተረፈውም አረንጓዴ ነክቶታል።

ተረት ነጋሪዋ ከኋላቸው ቆማ ታያለች። ተረቷን የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ጣቢያ ዛሬ ንጹሕ ምስል ካልደረሰው ድምጿን ብቻ አስቀርቶ በእሷ ቦታ የካርቱን ጥንቸል ሊያስገባ ነው። «ድምፅሽ ይበቃናል» ብለዋታል፣ የመረቋት ይመስል።

«በሻሽ ልጠቅልለው?» አለች ቀስ ብላ።

«ቆይ እስቲ» አለች ባለካሜራዋ። አብሮ አደጓ ናት፤ አንጀቷን በላቻት።

ጥፋቱ የሌንሱ ነበር፤ ሌንሱን ያመጣው ደግሞ ባሏ። ሠርግ ከሚቀርጽ ጓደኛው ለምኖ ያመጣው፣ የሙሽራዋን ፊት ጥርት አድርጎ ሌላውን በጭጋግ የሚሸፍን ዘመናይ ሌንስ ነው። ለሙሽራ ግሩም ነው። እዚህ ግን የፀጉሯ ዳርም ይደበዝዛል፤ ኮምፒውተሩም ፀጉሩን ከመጋረጃው መለየት አቅቶት አብሮ ይቆርጠዋል። ባለካሜራዋ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባ ስትሞክር ጭጋጉ ቀነሰ። ነገር ግን ሌንሱ ሰፊ ስለሚያይ፣ ግድግዳው እንዳይገባ ተረት ነጋሪዋ መጋረጃው ላይ መለጠፍ ነበረባት፤ ያኔ ደግሞ አረንጓዴው ተንጸባርቆ ፀጉሯ ላይ ይወጣል።

«አሮጌውን ረጅሙን ሌንሴን ላምጣ» አለች ባለካሜራዋ።

«ያንን ቧንቧ?» ባሏ ሳቀ። «ለእሱ እኮ ሜዳ ያስፈልግሻል። ይህ ክፍል ለድመት አይበቃም።»

«ክፍሉ አይበቃም። ቤቱ ግን ይበቃል።»

ዓይኗን ተከትሎ በሩን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ከበሩ ማዶ የእናቱ መኝታ ቤት ነው፤ እሱ ራሱ እንኳ ሳያንኳኳ አይገባበትም።

«እኔ የለሁበትም» አለ።

«አንተን ማን ላከህ?» ብላ አንኳኳች።

አማቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።

«እማዬ፣ ካሜራዬን አልጋዎ አጠገብ ላቁም? ከዚህ ካልሆነ የልጅቷን ፊት ያጠፉባታል።»

አማቷ በበሩ አሻግረው ተረት ነጋሪዋን አዩ። «በጥንቸል የሚቀይሯት ይህችን ነው?»

«ሰምተዋል እንዴ?»

«ግድግዳው ወረቀት ነው፣ የማልሰማው ምን አለ። ግቢ። አልጋውን ግፊው፣ እኔ ወንበር ላይ እሆናለሁ። ጫማሽን ግን አውልቂ።»

ባለካሜራዋ ባዶ እግሯን ገብታ ካሜራውን ከቁም ሳጥኑ ጋር አጣብቃ አቆመችው። ረጅሙ ሌንስ በበሩ ሾልኮ ስቱዲዮ ወዳደረጉት ክፍል አየ። የሚያየው ጠባብ ስለሆነ ከመጋረጃው ትንሽ ቁራጭ በቃው፤ ተረት ነጋሪዋም ከመጋረጃው ርቃ ወደ በሩ ተጠጋች፣ አረንጓዴው ሊደርስባት አልቻለም። ከፀጉሯ ጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት እንዲል ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ጨለመ። ባሏ ሳይጠየቅ መብራቶቹን አስጠጋ። አማቷ ሬዲዮአቸውን ዘጉ።

ተረቱ አልቆ መጋረጃው ከምስሉ ሲጠፋ ባልና ሚስቱና ተረት ነጋሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው ነበር። የፀጉሯ ዘለላ አንድም ሳይጎድል ደኑ ፊት ቆሟል። ባለካሜራዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ጓደኛዋን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

«እኔ ለዚያ ሌንስ የስንቱን ደጅ ጠናሁ» አለ ባሏ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

«ለሙሽሮቹ መልስላቸው።»

ምስሉ ተላከ። የጣቢያው አለቃ ብዙ ሳይቆይ ደወለ። «ጥንቸሏ ቀርታለች» አለ። «ሌሎቹንም አቅራቢዎች ወደ እናንተ እልካቸዋለሁ። እንዴት አድርጋችሁ ነው የሠራችሁት?»

ባሏ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። «እሷን ጠይቃት» ብሎ ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት።

እሷ ስታስረዳ ተረት ነጋሪዋ ከምስሏ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ ፀጉር ቤት ደወለች።

«እኔ ነኝ፣ ነገ ልቆረጥ ቀጠሮ የያዝኩት። ሰርዢልኝ» አለች። ወዲያ ማዶ ያለችውን ፀጉር ሠሪ አዳመጠች። «የለም፣ ለሌላ ቀንም አትያዢልኝ።»