ኦ የሆነ ሹፌር

«አንዱን እንደ ጉንፋን ነክቶት ያልፋል፣ ሌላውን ይቀብረዋል። በምን መርጦ ነው?»

እትዬ ከበቡሽ ይህን የጠየቁኝ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለው ምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነው። ፖላንድ ድረስ ሄጄ የተማርኩት ስለ ወረርሽኝ ስለሆነ መልስ ጠበቁ። አላውቅም አልኳቸው። አላመኑኝም።

ኮሮና ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የእኛ ቡድን የበሽተኞችን የደም ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ስኳርና ግፊት እያየ በሽታው በማን ላይ እንደሚከፋ ያጠናል። ገና ምንም አልደረስንበትም። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ዳንኤል ግን አዲስ አበባ ተቀምጠው ማስታወቂያ አሳትመው ላኩ። «የደም ዓይነታቸው ኦ የሆነ ሰዎች በኮሮና ክፉኛ የመታመም ዕድላቸው አነስተኛ ነው» ይላል፣ ከሩቅ በሚነበብ ቀይ ፊደል። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ከታች፣ በመነጽር እንኳ በማይነበብ ፊደል ቀብረዋታል።

መናኸሪያው በር ላይ ተለጠፈ፤ ሰዉ ቀዩን ብቻ አነበበ። የሚያስል በሽተኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚጭን ሹፌር ጠፍቶ ስለነበር፣ ተራ አስከባሪው ዳዊት የሹፌሮችን መንጃ ፈቃድ ሰብስቦ የደም ዓይነታቸውን ማየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሲመጣ በስም መጥራት ቀረ።

«ኦ! ና ጫን!»

ከሁሉ ቀድመው የሚነሡት ጋሼ ጣሪቅ ነበሩ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ስልሳን አልፈዋል፣ ስኳርም አለባቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይጫኑ» አልኳቸው የሚኒባሱን በር ይዤ። «ስኳርዎንስ? ዕድሜዎንስ?»

«ስኳሩን ተዪው፤ ደሜ ኦ ነው። ራሳችሁ አይደላችሁ የለጠፋችሁት?»

«ልዩነት ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው። ጥናቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። እርስዎን የሚያሰጋዎት ስኳሩ ነው።»

ዳዊት ሳቀ። «ዮርዲ፣ ፈረንጅ አገር ያስተማሩሽ መጠራጠር ብቻ ነው እንዴ? እሳቸው ከቀሩ አንቺ ትነጂያለሽ?»

«እሺ፣ መስኮቱ እንኳ ይከፈት።»

«እዚህ ቆላው ላይ እከፍታለሁ» አሉ ጋሼ ጣሪቅ። «ጣርማ በር ጉሙ ውስጥ ስንገባስ? የታመመ ሰው ብርድ ላስመታ? ወላሂ አላደርገውም!»

ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሰች ሴት ታስላለች። ልጇ ከአሁኑ መስኮቱን ዘግቷል። ጋሼ ጣሪቅ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው «ቢስሚላህ» ብለው ነዱ።

ለዶክተር ዳንኤል ደወልኩ። ማስታወቂያው ይነሣ አልኳቸው።

«የተጻፈው ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ግን ሰው የተረዳው...»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጡት ረጂዎች በጣም ወደውታል።»

ጋሼ ጣሪቅ ብዙ በሽተኛ አመላለሱ። ከዚያ እሳቸውም ማሳል ጀመሩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ዳዊት መናኸሪያው መሐል ቆሞ «ኦ!» ብሎ ተጣራ። ከሹፌሮቹ አንድም ብቅ አላለም። በመጨረሻ የወሰዳቸው አማቻቸው አብዱረሂም ነው፤ ደሙ ኤ ነው። እሱን በሽታው በቀላሉ ነክቶት አለፈ። እሳቸው ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

እንደ ወጉ በዚያው ቀን ተቀበሩ። ለቅሶ ቤት ባለቤታቸው እትዬ ዓይሻ እጄን ያዙኝ። እንባ አልነበራቸውም።

«ኦ አይሞትም አላላችሁም?»

«እንደዚያ አላልንም» ማለት እችል ነበር። ደግሞም አላልንም። ማስታወቂያውን ቃል በቃል ብጠቅስላቸው እኛ ንጹሕ ነን፤ ጋሼ ጣሪቅ ናቸው በደንብ ያላነበቡት! ይህን አፌን ሞልቼ መናገር ስላቃተኝ ውጭ ወጥቼ ለዶክተር ዳንኤል ጻፍኩ።

«ሹፌሩ ጣሪቅ ዛሬ ተቀበሩ። ደማቸው ኦ ነው፤ ስኳር ነበረባቸው። ባለቤታቸው ጥያቄ አላቸው። የእርስዎን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሲደውሉ ያንሡላቸውና ውሸት አለመሆኑን ራስዎ ይንገሯቸው።»

መልእክቱን አንብበውታል።