ሦስተኛው ንዝረት

ዓርብ የካቲት 15 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ዓባይ ማዶ፣ እናትዓለም ከተከራየችው ቤት ደጃፍ የቴዎ ባጃጅ ቆሟል። እሷ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። አባቷ ቄስ ገብረ ኪዳን ጥምጥማቸውን አስተካክለው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ወደ ወደቡ ነው የምሄድ» አሏት።

«ሦስተኛው ዛሬ ነው እኮ፣ አባባ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ትከሻቸው ላይ የወጣውን የካንሰር ዕጢ የያዙት ሐኪሞች አዲስ ሕክምና እያጠኑ ነበር። መድኃኒቱ ዕጢውን «እደግ» የሚለውን ዘረመል ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ግን በራሱ ወደ ሕዋሱ አይዘልቅም። ስለዚህ መድኃኒቱን ዕጢው ውስጥ ከወጉ በኋላ ዙሪያውን መርፌ ሰክተው በኤሌክትሪክ ይነዝሩታል፤ የሕዋሱ ግድግዳ ለቅጽበት ይከፈትለታል። ይህ መጀመሪያ ሲነገራቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ሥቀው ነበር። «ዲያቆናቱን ዝም በሉ እያልሁ ሸበትሁ። ለካ መብራት ነበር የሚያስፈልጋቸው!»

ሁለቱ ንዝረቶች ዕጢውን አኮማትረውታል። ሦስተኛው ካመለጠ ግን ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ማሽኑም ከሐኪሞቹ ጋር ዛሬ ማታ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ዶክተር ብሥራት ይህን ደጋግማ ነግራቸዋለች።

ችግሩ መርፌው ነው፤ ያደማል። ደም የፈሰሰው ቄስ ደግሞ ቁስሉ ሳይደርቅ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። በነጋታው ከወደቡ በጀልባ በሚደረስባት ደሴታቸው የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው። እሳቸውን ጨምሮ ካሉት ሦስት ቄሶች አንዱ በወባ መውደቃቸው ማታ ተደውሎ ተሰማ፤ ሁለት ቄስ ካልተገኘ ቅዳሴው ይታጎላል። እናትዓለም ከፈረቃዋ ወጣ ብላ አንበሳሜ ከተማ ላሉት ለቄስ አስማማው ደውላ አባቷን እንዲተኩላት ለምና ነበር። «እመጣ ነበር፣ ልጄ፤ መንገዱ ተዘግቷል» አሏት።

«እመቤታችን ይህን አታውቅልዎትም?»

«እሷማ ታውቅልኛለች። ሕዝቡ ነው በዓመት በዓሏ ሳይቀደስለት የሚመለስ።»

«እኔስ?»

ቴዎ ጥሩምባውን ነፋ።

«ኧረ እትዬ! ሐኪም ቤት ነው ወደብ? ይችን ቤንዚን ስንት ተሰልፌ እንደቀዳኋት ባየሽ ኖሮ!»

ሌሊቱን የፋብሪካው ማሽን ሥር ቆማ ስታዘጋጅ ያደረችው ክርክር ብዙ ነበር። አሁን አንዱም አልመጣላትም።

«ደከመኝ፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል።»

ተነሥታ ክንዳቸውን ያዘች። ባጃጁ ውስጥ ካስገባቻቸው በኋላ እሷም ከጎናቸው ገባች።

«ወደብ» አለችው ቴዎን።

ቄስ ገብረ ኪዳን በማግሥቱ ቀደሱ። ስማቸው ከጥናቱ ወጣ። ሰኔ ላይ ዕጢው ተመልሶ አበጠ፤ ነሐሴ አንድ ቀን፣ ፍልሰታ በገባ ዕለት፣ አረፉ። ሦስተኛውን ከወሰዱት በሽተኞች ስንቱ እንደዳነ እናትዓለም ዶክተር ብሥራትን አልጠየቀቻትም።