ሞሪባን ማን ጣለው?

ኛሌ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ተነሥታለች። ባሏ ሞሪባ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ ወዲህ፣ «ከኋላዬ ስለጠራሽኝ ነው የወደቅሁት» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቷታል።

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ተነንባ ሳቋን አስቀድማ ገባች። የእሷ ጎሳና የሞሪባ ጎሳ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ የፈለገችውን ብትሰድበው መቆጣት ለእሱ ነውር ነው፤ «ባቄላ በላተኛ» ደግሞ የዘወትር መሰዳደቢያቸው ነው።

«አንተ ባቄላ በላተኛ፣ ማን ጣለህ?»

«ኛሌ ናት እንጂ ሌላ ማን ይጥለኛል!»

«ኧረ? ነጠላ ጫማህስ? ሶሉ አልቆ ወረቀት አክሏል እኮ! ዓይንህስ? ዶሮና ድመት መለየት ካቃተህ ቆየ። የጉድጓዱ ዳር ጭቃስ? እናንተ ወንዶቹ ድንጋይ እናነጥፋለን እያላችሁ ስታወሩ ዝናቡ ቀደማችሁ። ይሄ ሁሉ ተባብሮ ሲጥልህ፣ ሚስትህ ብቻ ታየችህ?»

ሞሪባ ሊቆጣ ቃጣውና ሳቁ አመለጠው።

«ባቄላውን ረሳሽው» አላት።

«እሱማ አለበት! ሆድህ ከብዶህ ነው።»

ሳቁ ሲበርድለት ወደ ሚስቱ ዞረ። «ግን ለምን ነበር የጠራሽኝ?»

«ምርኩዝህን ረስተህ ነበራ።»

ሞሪባ አንገቱን ደፋ። ኛሌም ቋጠሮዋን አንሥታ ወደ በሩ አመራች።

«ኛሌ!» ሲል ከኋላዋ ጠራት። «አትሂጂብኝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ኛሌ ዞር አለች።

«አየህ» አለች ተነንባ፣ «ከኋላ ተጠርታም አልወደቀች።»

ኛሌ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቋጠሮዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።