በቀላል ነፋስ የተሸነፈው ካይት

ሸውቂ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የአሠልጣኙን የመስዓድን ካይት ገመዶች ከራሱ ካይት ገመዶች ጎን ዘረጋቸው። ካይቱ ባሕር ላይ ሰውን በሰሌዳ የሚጎትተው በነፋስ ኃይል ነው፤ ነፋስ ሲደክም ረጅም ገመድ የበለጠ ጉልበት እንደሚሰጥ ያውቃል። ጫፎቹ እኩል ሆነው ሲያገኛቸው ግን ደስ አላለውም፤ ማታለያው ሌላ ቦታ ቢኖር ነው ብሎ አሰበ።

«ጨረስክ ወይስ ሜትር ላምጣልህ?» አለው መስዓድ።

«አንተ ባለህበት ሜትሩም ያጥራል።»

ራስ ሱድር በተባለችው የግብፅ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቅዝቃዜው ወራት ነፋሱ ይደክማል። የካይት ማሠልጠኛው ባለቤት ሐጃ ኢንሳፍ ለእነዚያ ወራት የሚሆኑ አዳዲስ ካይቶች ሊገዙ አስበዋል። እስካሁን ያሏቸው ሁሉ በፓምፕ የሚነፉ ናቸው፤ ቱቧቸው አየር ስለያዘ ውሃ ላይ ቢወድቁም ይንሳፈፋሉ፤ ነገር ግን ከባድ ናቸው። የመስዓድ የግል ካይት ቱቦ የለውም፤ ነፋሱ ራሱ በአፎቹ ገብቶ ጨርቁን ይነፋዋል። ቀላል በመሆኑ ሌላው ሲወድቅ እርሱ ሰማይ ላይ ይቆያል፤ ባሕር ከነካ ግን በእነዚያው አፎች ውሃ ጠጥቶ መነሣት ይሳነዋል። ሸውቂ ቱቦ ጠጋኝ ነው። ሐጃ ባለጨርቁን ከገዙ ሥራው አበቃ።

«በክርክር ጆሮዬን አታደንቁሩኝ፤» ብለው ነበር ሐጃ፤ «ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ። ቀድሞ የመጣውን ዓይነት እገዛለሁ።»

ነፋሱ የባሕሩን ገጽ የሚያሸበሽበው በጭንቅ ነበር። መስዓድ ምልክቱን ዞሮ ሲመለስ፣ ሸውቂ ገና ካይቱ እንዳይወድቅበት ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዘ ይታገል ነበር። ሆኖም ባሕሩ ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የመስዓድ ካይት ወደ ኋላ ተንሸራተተና ውሃው ላይ ተነጠፈ። ሸውቂ እንደምንም ምልክቱን ዞሮ መጥቶ አልፎት ሄደ። ሐጃ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ሳይነሡ አጨበጨቡ።

ሸውቂ ግን ልቡ አላረፈም። በአንድ ነፋስ ውስጥ ከባዱ ቆሞ ቀላሉ እንዴት ይወድቃል? ደግሞም የመስዓድን እጆች አይቷል፤ መቆጣጠሪያውን ዘንግ እስከ ደረቱ ስቦት ነበር። በደካማ ነፋስ ዘንጉ ከተሳበ ካይቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ እንዲህ የሚያደርግ የመጀመሪያ ቀን ተማሪ ብቻ ነው። መስዓድ ቀኑን ሙሉ «ልቀቀው!» እያለ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነው።

አዝኖልኝ ይሆን? አለ በልቡ። መስዓድ ለሰው ሲያዝን አይቶ አያውቅም። ወዲያው ሁለት እንግዶች መጥተው መስዓድን ካይቱ መቼ እንደሚደርቅና መቼ እንደሚያከራያቸው ሲጠይቁት ሰማ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። ማሠልጠኛው ባለጨርቁን ካልገዛ፣ በቅዝቃዜው ወራት ይህን ባሕር የሚያሻግር ካይት የመስዓድ ብቻ ይሆናል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠጋ አለው። «ዘንጉን ለምን ሳብከው?»

«እጄ ዝሎ።»

«የዛለ እጅ ይለቃል እንጂ ይስባል እንዴ?»

መስዓድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሸነፍክ አይደል? ሥራህን ይዘህ ዝም በል፣ ወንድሜ። አንተም ትኖራለህ፣ እኔም እኖራለሁ።»

ዝም ቢል ሥራው ይተርፍለታል። ነገር ግን ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራውን የሰጠው መስዓድ ነው፤ የሰጠ ደግሞ በፈለገው ቀን መልሶ ይጠይቃል። ሸውቂ ወደ ሐጃ ሄደ።

«ሐጃ፣ የተሸነፈውን ይግዙ።»

«ፀሐይ መታህ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልመታኝም። መስዓድ ሆን ብሎ ነው የጣለው።»

«ማሸነፍ አልለመደም፣ ሐጃ፤» አለ መስዓድ ከኋላ፤ «ቀስ በቀስ ይለምደዋል።»

ሐጃ ሁለቱንም በየተራ አዩአቸው። ዓይናቸው የቆየው ግን ሸውቂ ላይ ነበር። «ባለጨርቁ ከተገዛ ሥራ የምትፈታው አንተ ነህ። ታዲያ ምን ልታተርፍ ነው?»

«ምንም።»

«ለምንም ብሎ የሚናገር ሰው አላውቅም። ነገ ካይት ትለዋወጣላችሁ።»

በማግስቱ ነፋሱ እንደ ትናንቱ ነበር። ሸውቂ ባለጨርቁን ይዞ፣ ዘንጉን ከደረቱ አርቆ በጣቶቹ ብቻ እየነካ፣ ምልክቱን ዞሮ ተመለሰ። የሚነፋው ካይት ግማሽ መንገድ ላይ ወድቆ፣ መስዓድ በቱቦው ላይ ተደግፎ ይንሳፈፍ ነበር።

ሐጃ ዛሬ አላጨበጨቡም። «ባለጨርቁን እገዛለሁ፤» አሉ። ወደ ሸውቂም ዞረው፦ «አንተ ግን ያተረፍከውን ነገር እደርስበታለሁ።»