የሃያ ሰባት ቁጥር የዘይት ቱቦ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 መከር፣ ገነነ በእጁ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ አብልጦ የሚኮራው አራት ሳንቲሜትር በማትሞላ የዘይት ቱቦ ነበር። ከተጣለ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ሽቦ አወጣ፤ በሽቦው ላይ ከእሱ የቀጠነ ሌላ ሽቦ ጠመጠመ፤ ጥቁር ቀባውና በሁለቱ ጫፎች ከቢራ ጣሳ የተቆረጠ ማሰሪያ አደረገለት። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ቱቦው የተገጠመው ሃያ ሰባት ቁጥር በተጻፈባት ቀይ የውድድር መኪና ሞተር ጎን ነው። መኪናዋ ከእውነተኛዋ አሥራ ሁለት ጊዜ የምታንስ፣ ተበታትና በካርቶን የተሸጠች ሞዴል ነች። ኦስሎ፣ ሮምሶስ በሚባለው ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ካርቶኑ ውስጥ የመጣው ፕላስቲክ ለሌላ ሰው ይበቃል። ለገነነ አልበቃውም። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ከሽቦ ሠራ። የወንበሩን ቀበቶ ከጨርቅ ቆርጦ ሰፋ። የበሩን እጀታ በመርፌ ፋይል ሞርዶ አሳሳው፤ ፋብሪካው ያወጣው እጀታ በእውነተኛው መኪና ልክ ቢሰላ የሰው ክንድ ያህል ይወፍር ነበርና። መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራው ባለቤቱ ታየች አንድ ቀን ጠጋ ብላ አይታ፣ «ባርነሃገ ውስጥ ያሉት ልጆቼ እንኳ መኪናቸውን በአንድ ቀን ይጨርሳሉ» ብላዋለች።

ገነነ አገር ቤት ሳለ ሥራው ከአየር በተነሣ ፎቶ ካርታ መሥራት ነበር። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በመነጽር እያየ፣ ቤቱን ከድንጋይ ክምር፣ የእግር መንገዱን ከደረቀ ጅረት ይለያል። አለቆቹ ያስተማሩት አንድ ሕግ ነው፤ ፎቶው ላይ ያልታየ ካርታው ላይ አይገባም። ኦስሎ መጥቶ የትምህርት ቤት ወለል ሲያጸዳም ሕጉ አልለቀቀውም። ጠረጴዛው ላይ ያለችውንም መኪና የሚሠራት በዚሁ ሕግ ነው።

መኪናዋን ከሌሎች መሰሎቿ የለያት ግን አበጋዝ ነው። አበጋዝ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው፣ የእሱ እኩያ የሆነ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ቤታቸው የገባ ዕለት ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ቆመ።

«ይቺን እኔ ፈትቼ ገጥሜያታለሁ» አለ። «በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ጣልያን ነበረችው። ሃያ ሰባት ቁጥር። ጋራዡ ውስጥ እኔ ነበርኩ የማነካካት።»

ገነነም በጉርምስናው መንገድ ዳር ቆሞ ያቺን ቀይ መኪና ስታልፍ አይቷታል። ስለዚህ እሷኑ ለመሥራት ተስማሙ። አበጋዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እጁ ሰፊ ስለሆነ ለወረንጦ አይመችም፤ ሽቦ ይልጣል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ከሁሉ በላይ ያወራል። በ2008 ጸደይ ደግሞ አንድ የጣልያን አዛውንት በዚያ ዘመን ያነሷቸው አራት ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ተገኙ። ሦስተኛው ፎቶ ኮፈኗ ተከፍቶ ሞተሯን ያሳያል። ቱቦው የተገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ከሞተሩ ጎን ወደ ፊት የሚሄድ ጥቁር መስመር።

ቱቦው ካለቀ በኋላ በመጣው ቅዳሜ አበጋዝ ኮቱን አውልቆ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሞተሩን አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዘይት ቱቦ ነዋ» አለ ገነነ፤ ምስጋና ሲጠብቅ ነበር።

«እዚህ ጋ ቱቦ የለም።»

«አለ። ፎቶ ሦስት ላይ ተመልከተው።»

አበጋዝ ፎቶውን አላየም። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንዱን አሳየ። «ቱቦው በዚህ ካለፈ የዲናሞውን የታች ብሎን ማን ይፈታዋል? ሰይጣን? አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ይዤ እስከዚህ ድረስ ነው የማስገባው። የጢስ ማውጫው ያቃጠለኝም ይኸውልህ።» ክንዱ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ ነበር። «ያየኸው ጥላ ነው። የኮፈኑ መደገፊያ ብረት ጥላ።»

ገነነ ሳቀ። በጥላ ነገር ማንም እንደማያስተምረው ያውቃል። የዛፍ ቁመት፣ የገደል ጥልቀት ከጥላ ሲለካ ነው የኖረው።

«እስቲ ስማኝ፤ የካርቡሬተሩ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። የባትሪው ወደ ቀኝ። የሁሉም ወደ ቀኝ። ይሄ ወደ ግራ ነው የሄደው። ስለዚህ ጥላ ሊሆን አይችልም።»

«ስለዚህ እኔ ዋሸሁ።»

«ዋሸህ አልወጣኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ሰው ይረሳል። ማስረጃ ካለህ አምጣ። ከሌለህ ግን በቃል የተናገርከውን ብቻ መቀበል አልችልም።»

አበጋዝ ሞተሩን እንዳነሣው በዝግታ አስቀመጠ። ገና ቀለም ባይነካም ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ እጁን ታጠበ። ኮቱን ለበሰ። በኩሽናው በር በኩል፣ «ታየች፣ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። ሻዩ ገና አልቀረበም ነበር።

ታየች ፎጣ እንደያዘች መጣች። «ምን አልከው?»

ነገራት፤ እንደ ልማዱ ቃል በቃል።

«አንተ ሰው! ደብዳቤውን ያነበብክለት አንተ አይደለህም እንዴ? እዚሁ ጠረጴዛ ላይ?»

ያኔ ነው የመጣለት። በነሐሴ አበጋዝ ጥገኝነት የጠየቀበት መሥሪያ ቤት ውሳኔውን፣ ቬድታኩን፣ በደብዳቤ ልኮለት ነበር። በኖርዌጂያን የተጻፈውን ወደ አማርኛ የመለሰለት ገነነ ነው፤ ጥንቅቅ አድርጎ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል። «አመልካቹ በጋራዡ መሥራቱን የሚያስረዳ ማስረጃ አላቀረበም፤ በቃል የተናገረውን ብቻ መቀበል አይቻልም» ይላል። አበጋዝ ኋላ ለታሰረበት ነገር ሰበቡ ያው ጋራዥ ነው፤ ጋራዡን ካላመኑት እስሩንም አያምኑትም። አሁን ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ነው። አበጋዝ የሚኖረው የእህቱ ልጅ ዋጋዬ ቤት፣ ሮመን ነው፤ ከሮምሶስ በባቡር አንድ ፌርማታ። ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም። ከሳምንቱ ቀናት ውስጥ ስለሚያውቀው ሙያ የሚያወራባት ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ገነነ ደወለለት፤ አላነሣም። ፎቶ ሦስትን አስፍቶ አሳተመና በአጉሊ መነጽር እየተከተለ ጥቁሩን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረው። መስመሩ ያው መስመር ነው፤ አቅጣጫውም ያው ወደ ግራ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም።

«ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው» አለችው ታየች።

«ስለ ንግግሬ እጠይቀዋለሁ። ስለ ቱቦው ግን ትክክል ነኝ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። ቱቦህን ታቅፈህ ተቀመጥ።»

በሁለተኛው ቅዳሜም ወንበሩ ባዶ ሆነ። ገነነ ሌላ ሥራ ለመጀመር አስቦ፣ የዳሽቦርዱ ቀለም ምን እንደነበር ለማየት ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። ደብተሩ አበጋዝ ስለ መኪናዋ የነገረውን ሁሉ የጻፈበት ነው፤ በተራ ቁጥር፣ በቀን። አብዛኛው የተጻፈው ፎቶዎቹ ከመገኘታቸው በፊት ባለው አንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ነው፤ ገነነ አንድም ነገር መኪናዋ ላይ ሳያደርግ፣ «ይጣራ» እያለ ያስቀመጠው። ፎቶዎቹ ሲመጡ የታየውን እያየ ምልክት አድርጓል፤ ምልክቶቹን ግን ደምሯቸው አያውቅም።

እርሳስ አንሥቶ ደመራቸው። ፎቶዎቹ ሳይመጡ የተነገሩት ነገሮች አርባ አንድ ናቸው። የግራው መብራት ከቀኙ እንደሚያንስ፣ ምክንያቱም ከሌላ መኪና የተወሰደ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ከከመነዳሪ በተቀደደ ላስቲክ እንደተጠቀለለ። የኋላው መስታወት ጥጉ ላይ እንደተሰነጠቀ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱ ፎቶዎቹ ላይ ታይተዋል። ሦስቱ ፎቶው በማይደርስበት ቦታ ስላሉ አልተጣሩም። ስህተት ሆኖ የተገኘ የለም።

ገነነ እንደገና ደመረ። ያው ነው። ድሮ ከሚሠራባቸው የመለኪያ መሣሪያዎች አንዱ እንዲህ ያለ ውጤት ቢያወጣለት ኖሮ፣ አርባ ሁለተኛውን ንባብ ያለ ጥያቄ ይመዘግበው ነበር። ይህ የሰው አፍ ስለሆነ ብቻ ማስረጃ አምጣ ብሎታል።

ምላጭ አነሣ። ቱቦው በቀላሉ አልወጣም፤ አጣብቆ ያሰረው ራሱ ነውና። በሥሩ ያለው ቀለም አብሮት ተላጠ፤ ለማሰሪያው የተበሱት ሁለት ቀዳዳዎች ተከፍተው ቀሩ። የሦስት ሳምንት ሥራው ተጣምሞ በመዳፉ ላይ ተኛ። ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ሞተሩን በጥጥ ጠቅልሎ ክብሪት ሳጥን በምታክል ካርቶን ውስጥ አደረገና፣ ደብተሩንና ፎቶዎቹን ይዞ ወደ ባቡሩ ወረደ።

በሩን የከፈተችው ዋጋዬ ናት፤ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ በእድሜ የገፉ ሰዎች መንከባከቢያ የምትሠራ ወጣት። «ያ፣ አዎ፣ ቤት ነው ያለው ጋሽ ገነነ። ግን አኩርፏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲቪው ላይ ተተክሏል፤ የስኪ ሸርተቴ እንኳ ማየት ጀምሯል። ሥቃይ ነው!»

«ሰምቼሻለሁ» አለ አበጋዝ ከውስጥ።

ገነነ ገባ፤ ካርቶኗን ከፍቶ ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አበጋዝ ሞተሩን አየ፤ ቀጥሎ ገነነን።

«ፎቶ አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ቱቦው የት ሄደ?»

«አወጣሁት።»

«ለምን?»

«የለም ስላልከኝ።»

አበጋዝ ሪሞቱን አነሣ። ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ሞተሩን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «አበላሸኸው እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ይጠገናል። ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር ግን...»

«ያነበብክልኝን ነው መልሰህ ያልከኝ።»

«አዎ።»

«ስትናገር አላወቅከውም?»

«አላወቅሁም። ታየች ናት የነገረችኝ።» ገነነ ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረው ደስ ባለው፤ ግን አልነበረውም። «ይቅር በለኝ።»

አበጋዝ ራሱን ነቀነቀና እጁን ዘረጋ። «እስቲ ያን ፎቶህን አምጣው።» አስጠግቶ አየው፤ አርቆ አየው። «ይሄው! የጋራዡ በር ክፍት ነው፤ ፀሐዩ በዚህ ይገባል። ሰውየው ደግሞ ከዚህ ወገን ሆኖ በፍላሽ ነው ያነሣው። የባትሪውን ብረት ተመልከት፤ እንዴት እንዳበራ። ሁለት መብራት ነው፤ ወደ ግራ የሄደው ጥላ የፍላሹ ነው፣ የካርታው ጌታ!»

ገነነ ፎቶውን ነጥቆ አየው። ነጯ ነጥብ ባትሪው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ መቶ ጊዜ አይቷት መቶ ጊዜ አልፏታል። ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ላይ ፀሐይ አንድ ናት፤ ጥላም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል። ያን ሁሉ ዓመት ሲሠራ ሁለተኛ መብራት የሚባል ነገር ገጥሞት አያውቅም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ያሳፍራል» አለ።

«ለእኔስ ደስ ይላል» አለ አበጋዝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

ገነነ ደብተሩን ከፈተ። «ሌላም ነገር አለ። ይሄን ለአድቮካትህ፣ ይግባኝህን ለያዘችው ጠበቃ፣ እንስጣት። ፎቶዎቹ ሳይታዩ የነገርከኝ አርባ አንድ ነገር ነው። ቀኑ እዚህ አለ። ፎቶዎቹ የተለጠፉበትም ቀን ኢንተርኔቱ ላይ አለ። መኪናዋን በእጁ ያልነካ ሰው ይህን ሊናገር አይችልም። ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ።»

«ይቀበሉታል?»

«አላውቅም።»

አበጋዝ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። አንዳንዱ ላይ ፈገግ ይላል። ድንገት ጣቱን አንድ መስመር ላይ አቆመ።

«ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» አለ። «ከሹፌሩ ወንበር ሥር ወለሉ ግራጫ ነው ያልኩህ። እሱ... ገምቼ ነው።»

«እንዴት ገምተህ?»

«አላስታውስም ነበራ! አንተ እርሳስ ይዘህ አፍጥጠህ ስትጠብቀኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

«ኦ ናይ!» አለች ዋጋዬ። «አጎቴ፣ ዝም በል እንጂ! ከወንበር ሥር ማን ያይልሃል?»

«ማንም አያይም» አለ አበጋዝ። «እሱ ግን ያምነኛል።»

ገነነ እርሳሱን አወጣ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝን አልሰረዘም፤ ከጎኑ የዕለቱን ቀን ጽፎ፣ «ግምት እንደነበረ ራሱ ነገረኝ» ብሎ አሰፈረ። ሲጨርስ መስመሩን ደግሞ አነበበውና ደብተሩን ወደ ዋጋዬ ገፋ አደረገ።

«ይህም ሳይቀር ይተርጎም» አላት።

ዋጋዬ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች። መኪና ነድታ አታውቅም፤ ስለ ሞተር የምታውቀው እንደሚጮህ ብቻ ነው። «እሺ፣ ቁጥር አንድ። ካርቡሬተር። ምን ያደርጋል?»

ሁለቱም አንድ ላይ አፋቸውን ከፈቱ። ገነነ አፉን መልሶ ዘጋ። አበጋዝ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ፣ ሞተሩን በመካከላቸው አስቀመጠና፣ ቤንዚን ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመረ።