አሜን እስኪባል

እኔ መንግስቴ ድንጋይ ሳየው ይሰነጠቃል፤ መዶሻ የማነሳው ለወጉ ነው። የማያምን ከቢቸና ሞጣ የሚወስደውን መንገድ ይሂድበትና የረገጠውን ጠጠር ይጠይቅ። ግማሹን የፈለጥኩት እኔ ነኝ፤ ሌላውን ግማሽ ሰዎች የፈለጡት እኔ እየተቆጣኋቸው ነው።

ጊዜው የምርት ዘመቻ የታወጀበት ነው። አድኃሪ ተብለን የታሰርን ሰዎች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እያደርን፣ ከጎህ እስከ ጀንበር ግባት ለመንገዱ ጠጠር እንከሰክሳለን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ከፋለ የጉማሬ አለንጋ አለው፤ አለንጋው ካረፈ ሥጋ ሳይዝ አይነሳም። ቀና ያለ ይገረፋል፤ ክምሩ ከጉልበት ያነሰ ይገረፋል። የሉማሜው ፋንታ ወገቡን ላቃና ብሎ መዶሻውን ቢያስቀምጥ፣ ከፋለ በዚያው መዶሻ ግንባሩን አለው። ደሙን እኛው አፈር አለበስነው። በማግስቱ ያንኑ ጠጠር መኪና ጭኖት ሄደ።

ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የኔታ ወልደ ሰንበት። ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። ሲያስሉ ደም ይተፋሉ፤ ክምራቸው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከራሴ ክምር እየገፋሁ ስሞላላቸው ከፋለ አየኝና አለንጋውን አንገቴ ላይ ጠመጠመው።

"ነገ የሽማግሌው ክምር ጉልበት ካልደረሰ ከፋንታ ጎን ይተኛታል!"

"ጓድ ሃምሳ አለቃ፣" አልኩት እየታነቅሁ፣ "በሬ እንኳ ትልም ጫፍ ሲደርስ ይተነፍሳል። እንተንፍስና ክምሩ እጥፍ ካልሆነ እኔን ግደለኝ።"

"አንተን ለመግደል ደግሞ ፈቃድህን ልጠይቅ?" ብሎ ሳቀ። ግን እጥፍ የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረች፤ አለቆቹ ጠጠር እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተውታልና፣ "እስኪ ሞክሩ" አለ።

ዘዴዬ ይኸ ነው። የኔታ አንድ ረጅም ጸሎት በቃላቸው ያዜማሉ፤ እሳቸው እስኪጨርሱ ሁላችን በአንድ ምት እንመታለን። አሜን ሲሉ መዶሻ መሬት ይቀመጣል፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እፎይ እንላለን። ከዚያ እንደገና። ካድሬ ከመጣ የምርት መዝሙር ነው እንላለን። የእሳቸውን ክምር እኛ እንሞላለን።

"አንተ ቀጣፊ፣ ጸሎቴን የቀን ሠራተኛ አደረግኸው?" አሉኝ የኔታ።

"እርስዎ ብቻ አሜኗን አይርሱ።"

ክምሩ ሰማይ ነካ። ጮቄ ተራራ አፍሮ ደመና ለበሰ! እረፍቱን ከእኛ ይልቅ የለመዱት ግን ጠባቂዎቹ ናቸው፤ አሜን ሲባል ጠመንጃቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ከፋለ ክምሩን አይቶ ጎመጀ። "እያረፋችሁ ይኸን ካደረጋችሁ፣ ሳታርፉማ ጉድ ታፈላላችሁ! ሽማግሌው ያዚም፤ እናንተ አታቁሙ።"

የኔታ አሜን ሲሉ አጠገቤ የሚፈልጠው የእስረኛው የውበቴ እጅ በልማድ ቆመ። አለንጋው ፊቱ ላይ አረፈ፤ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ።

"ተው አንተ ልጅ!" ብለው የኔታ ጮኹ። ከፋለ ጎናቸውን በጫማው መታቸው። "አንተ ደግሞ ጀንበር ስትገባ አለቀልህ!"

እኔ ግን ሌላ ነገር አይቻለሁ። ከፋለ የሻረው የእኛን እረፍት ነው፤ ጠባቂዎቹ አሁንም ጠመንጃ አስደግፈው ይቆረጥማሉ። ከጆሮ ወደ ጆሮ "በሚቀጥለው አሜን" አስባልኩ።

የኔታ አዜሙ፤ ጨረሱ። ጠመንጃዎቹ ተደገፉ። መዶሻዬን የከፋለ ጉልበት ላይ አሳረፍኩት፤ እንደ ደረቅ ወይራ ተንቋቋ። ሲወድቅ መንጋጋውን ደገምኩት፤ ጥርሱ ከጠጠሩ ጋር ተቀላቀለ። ውበቴ በቀረችው ዓይኑ እያየ በከፋለ በራሱ አለንጋ አነቀው፤ የከፋለ እግር መሬቱን ደብድቦ ደብድቦ ዝም አለ። እኔ ሰባት ጠባቂ ዘረርኩ። አራት ብቻ ነበሩ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የተነሱትን ደግሜ ስለመታሁ ነው።

የኔታን አዝዬ ወደ ሞጣ ሸመጠጥኩ። ከመጋዘኑ የወጡት ሌሎች ጠባቂዎች ይተኩሱብናል፤ የኔታ ጀርባዬ ላይ ያዜማሉ። አሜን ሲሉ ጆሮዬን ይጎትታሉ።

"ቁም፤ ተንፍስ።"

"የኔታ፣ ጥይት እኮ ነው!"

"ሥርዓቱን ያወጣኸው አንተ ነህ።"

ገደል ሥር አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እተነፍስና እነሳለሁ። ሳያርፉ የሮጡት እስረኞች አንድ ወንዝ ዳር ልባቸው ፈርሶ ተያዙ፤ እዚያው ሲረሽኗቸው ተኩሱን ሰማነው።

የሞጣ ባሕር ዛፎች ሲታዩን ከኋላ አንድ ጥይት ጮኸ። ጀርባዬ ሞቀ። ጸሎቱ ከመካከል ተቋረጠ። ጆሮዬን አልጎተቱኝም፤ አሜንም አላሉም። ስለዚህ አልቆምኩም።

የሞጣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስገባ ሰዎች የኔታን ከጀርባዬ ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ። "አሜን አልተባለም!" ብዬ መዶሻዬን አነሳሁባቸው። ያን ጊዜ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ቀረቡኝ።

"የት ላይ ነው ያቆሙት፣ ልጄ?"

የመጨረሻዋን ቃል ነገርኳቸው። ከዚያች ተቀብለው ጸሎቱን ቀስ ብለው እስከ ዳር አደረሱት።

"አሜን" አሉ።

መዶሻዬን ጣልኩና ተቀመጥኩ።